የቅርጫት ኳስ ጨዋታ መሠረታዊ ቃላትና ትርጉማቸው

መግቢያ

ቅርጫት ኳስ በትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትና በወጣት ማዕከላት ከሚዘወተሩ ስፖርቶች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ የጨዋታው ቃላት በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ እንዳሉ የተወሰዱ በመሆናቸው ተጫዋቹ፣ ወላጁና አንዳንድ ጊዜም የውድድሩ አዘጋጅ አንዱን ቃል በተለያየ ትርጉም ሲረዱት ይስተዋላል። በካፋ ዞን በቦንጋም ሆነ በጨና ወረዳ ዋጫ ከተማ የሚማር ልጅ በቤቱ ካፊኖኖ፣ ከአሰልጣኙ ጋር አማርኛ ሲናገር፣ የጨዋታውን ደንብ ደግሞ በእንግሊዝኛ ስያሜዎች ይሰማል።

አለመግባባቱ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ለምሳሌ በቅርጫት ኳስ «አምስት» የሚለው ቁጥር ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል። አንድ ተጫዋች ከጨዋታ የሚወጣበትን የግል ጥፋት ብዛት፣ ቡድኑ በነፃ ውርወራ የሚቀጣበትን የቡድን ጥፋት፣ ኳስ ይዞ መቆየት የሚቻልበትን የሰከንድ ገደብ፣ እንዲሁም የተጨማሪ ሰዓትን የደቂቃ ርዝመት ያመለክታል። እነዚህን ያልለየ አዘጋጅ ሊቀጣ የማይገባውን ልጅ ከሜዳ ሊያስወጣ፣ ወይም ያሸነፈውን ቡድን ተሸናፊ ሊያደርግ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ቡድን ለማቋቋም፣ ውድድር ለማዘጋጀት ወይም ልጆቻቸውን ለማበረታታት ለሚፈልጉ ዜጎች በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ዋና ዋናዎቹን ቃላት ያብራራል።

1. የጨዋታው አመጣጥ

ቅርጫት ኳስ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1891 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ነው። የፈጠረው ካናዳዊው መምህር ጄምስ ናይስሚዝ ሲሆን፣ ያስተምርበት የነበረው ተቋም በአገራችን ወወክማ በሚል ምህፃረ ቃል የሚታወቀው ማኅበር ማሠልጠኛ ነበር። መምህሩ በክረምት ወራት ተማሪዎች በአዳራሽ ውስጥ የሚጫወቱት ስፖርት እንዲያዘጋጅ በታዘዘ ጊዜ ሁለት የኮክ ፍሬ መያዣ ቅርጫቶችን በአዳራሹ ሰገነት ላይ ሰቀለ፤ የጨዋታው ስያሜም የመጣው ከዚሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደንቦች 13 ነበሩ። ኳስ ይዞ መሮጥ፣ ተጋጣሚን መግፋት፣ መያዝና ማደናቀፍ በእነዚያ ደንቦች ተከልክለዋል። ዛሬ ብዙ ክርክር የሚነሳባቸው ክልከላዎች ከጨዋታው ጋር አብረው የተወለዱ ናቸው።

ፊባ፦ የዓለም አቀፉ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን መጠሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በጄኔቫ የተመሠረተ ሲሆን ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1949 አባል ሆናለች። ጨዋታው በወንዶች ከ1936፣ በሴቶች ከ1976 ጀምሮ የኦሎምፒክ ስፖርት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት መጠኖችና ገደቦች የፊባ ናቸው። በቴሌቪዥን የሚታየው የአሜሪካ ሙያተኞች ሊግ በሜዳ ስፋት፣ በጨዋታ ጊዜና በጥፋት ብዛት የተለየ ደንብ ስላለው ለአገር ውስጥ ውድድር ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይገባም።

2. ሜዳና መሣሪያ

ሜዳ፦ 28 ሜትር ርዝመትና 15 ሜትር ስፋት ያለው፣ ጠፍጣፋ፣ ጠንካራና ከእንቅፋት የጸዳ ወለል ነው። ከመስመሩ ውጭ ዙሪያውን 2 ሜትር ነፃ ቦታ ሊኖር ይገባል። እንደ ካፋ ዝናብ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ በሚጥልበት አካባቢ ክፍት ሜዳ ሲሠራ የውኃ መውረጃው አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል፤ ውኃ የቋጠረ ወለል ኳስ አያነጥርም፣ ተጫዋችንም ያንሸራትታል።

ቀለበት፦ ኳሱ የሚገባበት የብረት ክብ ነው። ከወለሉ 3.05 ሜትር ከፍታ ላይ ይተከላል። ይህ ከፍታ ለወንዶችም ለሴቶችም እኩል ነው። ለታዳጊ ሕፃናት በሚዘጋጀው ሚኒ ቅርጫት ኳስ ግን ወደ 2.60 ሜትር ዝቅ ይላል። ቀለበቱና ከሥሩ የሚንጠለጠለው መረብ በአንድነት ቅርጫት ይባላሉ።

ሰሌዳ፦ ቀለበቱ የሚታሰርበት ባለ 1.80 በ1.05 ሜትር ጠፍጣፋ አካል ነው። ኳሱ ሰሌዳውን ነክቶ ወደ ቀለበቱ ቢገባ ነጥቡ ይጸናል።

የተከለለ ክልል፦ ከቅርጫቱ ሥር የሚገኘው፣ ብዙውን ጊዜ ቀለም የሚቀባው አራት ማዕዘን ነው። የሦስት ሰከንዱ ሕግ የሚሠራው በዚህ ክልል ነው።

የነፃ ውርወራ መስመር፦ ከሰሌዳው ፊት 4.60 ሜትር ርቆ የሚሰመር መስመር ነው።

የሦስት ነጥብ መስመር፦ ከቅርጫቱ መካከለኛ ነጥብ በ6.75 ሜትር ርቀት የሚዞር ቅስት ነው። በሜዳው ማዕዘኖች አካባቢ ርቀቱ 6.60 ሜትር ይሆናል።

የኋላ ሜዳና የፊት ሜዳ፦ የመሐል መስመሩ ሜዳውን ለሁለት ይከፍላል። አንድ ቡድን የሚከላከለው ቅርጫት ያለበት ግማሽ የኋላ ሜዳው ሲሆን፣ የሚያጠቃበት ግማሽ የፊት ሜዳው ይባላል።

የኳስ መጠን፦ ወንዶች መጠን 7፣ ሴቶች መጠን 6፣ ሕፃናት መጠን 5 ኳስ ይጠቀማሉ። ለልጃገረዶች ቡድን የወንዶችን ኳስ መስጠት የውርወራ ሥልጠናቸውን የሚጎዳ በመሆኑ ግዢ ሲፈጸም መጠኑ ተለይቶ ሊጻፍ ይገባል።

3. የጨዋታ ጊዜ

ሩብ፦ በተለምዶ ኳርተር የሚባለው ነው። ጨዋታው እያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ የሆኑ አራት ሩቦች አሉት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሩብ መካከል 15 ደቂቃ፣ በሌሎቹ መካከል 2 ደቂቃ ዕረፍት ይሰጣል። ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ሰዓቱ ስለሚቆም በተግባር ጨዋታው ከ40 ደቂቃ በላይ ይወስዳል።

ተጨማሪ ሰዓት፦ ቅርጫት ኳስ በእኩል ውጤት አይጠናቀቅም። አራተኛው ሩብ እኩል ለእኩል ካለቀ አሸናፊው እስኪለይ ድረስ ባለ 5 ደቂቃ ተጨማሪ ሰዓቶች ይካሄዳሉ።

የምክር ዕረፍት፦ ታይም አውት የሚባለው የ1 ደቂቃ ፋታ ነው። አንድ ቡድን በመጀመሪያው አጋማሽ 2፣ በሁለተኛው አጋማሽ 3፣ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰዓት 1 ዕረፍት መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው የሚቀርበው በአሰልጣኙ አማካይነት ለጠረጴዛ ዳኞች ነው።

የዝላይ ኳስ፦ ጨዋታው ሲጀመር ዳኛው በመሐል ክብ ውስጥ በሁለት ተጋጣሚዎች መካከል ወደ ላይ የሚወረውረው ኳስ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ተጫዋቾች ኳስ አንቀው ቢይዙ ዳግመኛ አይዘለልም፤ በጠረጴዛው ላይ ያለው ቀስት ለጠቆመው ቡድን ኳሱ ይሰጣል፣ ቀስቱም ለሚቀጥለው ጊዜ ወደ ሌላው ቡድን ይዞራል።

4. ነጥብ

አንድ ነጥብ በነፃ ውርወራ፣ ሁለት ነጥብ ከሦስት ነጥብ መስመር ውስጥ፣ ሦስት ነጥብ ደግሞ ከመስመሩ ውጭ በተወረወረ ኳስ ይገኛል። ወርዋሪው ከመዝለሉ በፊት እግሩ መስመሩን ከረገጠ የሚቆጠርለት ሁለት ብቻ ነው።

የመጨረሻ ሰከንድ ውርወራ፦ የማብቂያው ድምፅ ከመሰማቱ በፊት ኳሱ ከወርዋሪው እጅ ከተለየና ከገባ ነጥቡ ይጸናል። ወሳኙ ነገር ኳሱ ከእጅ የተለየበት ቅጽበት እንጂ ቀለበቱ ውስጥ የገባበት ቅጽበት አይደለም።

5. የኳስ አያያዝና ውርወራ

ኳስ ማንጠር፦ ድሪብል የሚባለው ነው። ተጫዋቹ በአንድ እጁ ኳሱን ወደ ወለሉ እየመታ የሚንቀሳቀስበት ስልት ሲሆን፣ ኳስ ይዞ ሜዳ ለማቋረጥ የሚፈቀድ ብቸኛ መንገድ ነው።

ቅብብል፦ ኳስን ለቡድን ጓደኛ መስጠት ነው። ከደረት፣ ከራስ በላይ ወይም ወለል አንጥሮ ማቀበል ይቻላል።

ምሰሶ እግር፦ ፒቮት የሚባለው ነው። ኳስ ይዞ የቆመ ተጫዋች አንዱን እግሩን ከወለሉ ሳያነሳ በሌላው ዙሪያውን እየረገጠ መዞር ይችላል። ያልተነሳው እግር ምሰሶ እግር ይባላል።

ሌይ አፕ፦ ወደ ቅርጫቱ እየገሰገሱ ሁለት እርምጃ ተራምዶ በመዝለል ከቅርብ የሚደረግ ውርወራ ነው። ጀማሪዎች በቅድሚያ የሚለማመዱት ይህንን ነው።

ዳንክ፦ ተጫዋቹ ዘሎ ኳሱን ከቀለበቱ በላይ በእጁ ወደ ታች የሚከትበት ነው። የሚያስገኘው እንደ ማንኛውም የቅርብ ውርወራ 2 ነጥብ ነው።

6. ጥሰት

ጥሰትና ጥፋት ሊለዩ ይገባል። ጥሰት፣ በተለምዶ ቫዮሌሽን፣ ያለ አካል ንክኪ የሚፈጸም የደንብ ስህተት ነው። ቅጣቱ ኳስ ማጣት ብቻ ስለሆነ በተጫዋቹ ስም ላይ የሚመዘገብ ነገር የለም።

በኳስ መራመድ፦ ትራቭሊንግ የሚባለው ነው። ኳስ ሳያነጥሩ ከተፈቀደው እርምጃ በላይ መሄድ ወይም ምሰሶ እግርን ያለአግባብ ማንሳት ነው።

ድርብ ማንጠር፦ ኳስ ማንጠር አቁሞ በእጅ ከያዙ በኋላ እንደገና ማንጠር ነው።

የ3 ሰከንድ ጥሰት፦ ቡድኑ በፊት ሜዳው ኳስ ይዞ ሳለ፣ አጥቂ ተጫዋች በተጋጣሚው የተከለለ ክልል ውስጥ ከ3 ተከታታይ ሰከንድ በላይ መቆየት ነው።

የ5 ሰከንድ ጥሰት፦ ከመስመር ውጭ ኳስ የሚያስገባ፣ ነፃ ውርወራ የሚወረውር፣ ወይም ተከላካይ ተጠግቶት ኳስ ይዞ የቆመ ተጫዋች በ5 ሰከንድ ውስጥ እርምጃ ሳይወስድ ሲቀር ነው።

የ8 ሰከንድ ጥሰት፦ ቡድኑ ኳሱን በ8 ሰከንድ ውስጥ ከኋላ ሜዳ ወደ ፊት ሜዳ አለማሻገሩ ነው። ከተሻገረ በኋላ ኳሱን ወደ ኋላ ሜዳ መመለስም በራሱ ጥሰት ነው።

የ24 ሰከንድ ጥሰት፦ ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቅርጫት መወርወር አለበት፤ የተወረወረው ኳስም ቀለበቱን መንካት ወይም መግባት ይኖርበታል። ኳሱ ቀለበቱን ነክቶ ራሱ አጥቂው ቡድን ካገኘው የሚሰጠው አዲስ ጊዜ 14 ሰከንድ ነው።

ከመስመር ውጭ፦ የሜዳው የጠርዝ መስመር ራሱ እንደ ውጭ ይቆጠራል። ሆኖም በአየር ላይ ያለ ኳስ መስመሩን ቢያልፍም ወለል፣ ሰው ወይም ዕቃ እስካልነካ ድረስ አልወጣም።

የሚወርድ ኳስ መንካት፦ ወደ ቅርጫቱ የተወረወረ ኳስ ከቀለበቱ ከፍታ በላይ ሆኖ መውረድ ከጀመረ በኋላ ተከላካይ ቢነካው ነጥቡ እንደገባ ይቆጠራል።

7. ጥፋት

ጥፋት፣ በተለምዶ ፋውል፣ ያልተፈቀደ የአካል ንክኪ ወይም ከስፖርታዊ ሥነ ምግባር ውጭ የሆነ ድርጊት ነው። በውጤት መዝገብ ላይ በተጫዋቹ ስም ይጻፋል።

የግል ጥፋት፦ መግፋት፣ መያዝ፣ እጅ መምታት፣ መንገድ በአካል መዝጋትና የመሳሰሉት ናቸው። አምስት ጥፋት የተመዘገበበት ተጫዋች ከጨዋታው ይወጣል፤ ቡድኑ ግን ተቀያሪ ያስገባል እንጂ በጎዶሎ አይጫወትም።

የቡድን ጥፋት፦ በአንድ ሩብ ውስጥ የቡድኑ ተጫዋቾች የፈጸሟቸው ጥፋቶች ድምር ነው። ድምሩ 4 ከደረሰ በኋላ በተከላካይነት የሚፈጸም እያንዳንዱ የግል ጥፋት ተጋጣሚው እየወረወረ ባይሆንም እንኳ 2 ነፃ ውርወራ ያሰጣል። ቆጠራው በአዲስ ሩብ ከዜሮ ይጀምራል፤ በተጨማሪ ሰዓት ግን የአራተኛው ሩብ ቆጠራ ይቀጥላል። የአምስተኛ ግል ጥፋትና የአምስተኛ ቡድን ጥፋት ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ተጫዋችን ያስወጣል፣ ሁለተኛው ማንንም አያስወጣም።

በወርዋሪ ላይ የተፈጸመ ጥፋት፦ ኳሱ ካልገባ እንደ ውርወራው ርቀት 2 ወይም 3 ነፃ ውርወራ ይሰጣል። ኳሱ ከገባ ነጥቡ ጸንቶ 1 ነፃ ውርወራ ይጨመራል።

የአጥቂ ጥፋት፦ ኳስ የያዘው ወገን የሚፈጽመው ነው። አስቀድሞ ቦታውን ይዞ በትክክል የቆመ ተከላካይን ደረቱን ገጭቶ መጣል ዋናው ምሳሌ ነው። ቅጣቱ ኳስ ማጣት ነው፤ ነፃ ውርወራ የለውም።

ቴክኒካል ጥፋት፦ ያለ አካል ንክኪ የሚፈጸም የሥነ ምግባር ጉድለት ነው። ዳኛን መዝለፍ፣ ጨዋታ ሆን ብሎ ማዘግየትና የመሳሰሉት ይገኙበታል። አሰልጣኝም ሊቀጣበት ይችላል። 1 ነፃ ውርወራ ያስከትላል።

ኢ-ስፖርታዊ ጥፋት፦ ኳሱን ለመጫወት በማይመስል ወይም ከልክ ባለፈ ኃይል የሚፈጸም ንክኪ ነው። ነፃ ውርወራና ተጨማሪ ኳስ የመያዝ መብት ለተጋጣሚው ያሰጣል። አንድ ተጫዋች ሁለት ኢ-ስፖርታዊ፣ ሁለት ቴክኒካል ወይም ከሁለቱም አንድ አንድ ከተመዘገበበት ይባረራል።

8. የተጫዋቾች ድርሻና ስልት

ቡድን፦ በሜዳ ላይ 5፣ በጠቅላላው እስከ 12 ተጫዋቾች አሉት። ቅያሪ ቁጥር አይገደብም፤ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ ሊገባ ይችላል።

አደራጅ፦ ፖይንት ጋርድ የሚባለው ሲሆን ኳስ ይዞ ጥቃቱን ይመራል። ዒላማ ወርዋሪ ወይም ሹቲንግ ጋርድ ከሩቅ በመወርወር ይታወቃል። ፎርዋርድ የሚባሉት ሁለቱ በጎንና በቅርጫቱ አቅራቢያ ይጫወታሉ። ሴንተር በአብዛኛው በቁመት የሚበልጠውና ከቅርጫቱ ሥር የሚሰለፈው ነው። እነዚህ የልምድ ክፍፍሎች እንጂ በደንብ የታሰሩ ግዴታዎች አይደሉም።

ሰው ለሰው መከላከል፦ እያንዳንዱ ተከላካይ አንድ አጥቂን የሚከታተልበት ስልት ነው። ዞን መከላከል ደግሞ እያንዳንዱ የሜዳውን አንድ ክፍል የሚጠብቅበት ነው።

ስክሪን፦ አጥቂ ተጫዋች በተከላካይ መንገድ ላይ ቆሞ ለጓደኛው ክፍተት የሚፈጥርበት ስልት ነው። ሳይንቀሳቀስ እስከቆመ ድረስ ሕጋዊ ነው፤ እየተንቀሳቀሰ ቢገጭ ጥፋት ይሆናል።

ፈጣን መልሶ ማጥቃት፦ ፋስት ብሬክ የሚባለው ሲሆን፣ ተጋጣሚ ተመልሶ ሳይደራጅ በፍጥነት ማጥቃት ነው።

ሪባውንድ፦ ሳይገባ የቀረ ኳስን መልሶ መያዝ ነው። አሲስት ለአስቆጣሪው ነጥብ ምክንያት የሆነ ቅብብል ነው። ስቲል ኳስን ያለ ጥፋት መንጠቅ፣ ብሎክ ደግሞ የተወረወረን ኳስ መውረድ ሳይጀምር መመለስ ነው። አንድን ተጫዋች ሲመዝኑ ነጥቡን ብቻ ሳይሆን እነዚህንም መመልከት ተገቢ ነው።

9. ሌሎች የጨዋታው ዓይነቶች

ሦስት ለሦስት፦ በአንድ ቅርጫት፣ በግማሽ ሜዳ የሚካሄድ ሲሆን በቶኪዮ 2020 ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካቷል። ቡድኑ አንድ ተቀያሪ ጨምሮ 4 ተጫዋቾች አሉት። ከቅስቱ ውስጥ 1፣ ከውጭ 2 ነጥብ ይቆጠራል። ጨዋታው 10 ደቂቃ ሲሆን አስቀድሞ 21 ነጥብ የደረሰ ያሸንፋል። ለመወርወር የሚሰጠው ጊዜ 12 ሰከንድ ነው። ሙሉ ሜዳ ለሌላቸው ትምህርት ቤቶችና ቀበሌዎች የተሻለው ምርጫ ይህ ነው።

የዊልቸር ቅርጫት ኳስ፦ አካል ጉዳተኞች በተሽከርካሪ ወንበር የሚጫወቱት ነው። የሜዳው ስፋትና የቀለበቱ ከፍታ አይለወጥም። ኳስ ጭን ላይ አድርጎ ሳያነጥሩ ጎማውን ከሁለት ጊዜ በላይ መግፋት በኳስ እንደ መራመድ ይቆጠራል። ተጫዋቾች እንደ አካላዊ አቅማቸው ከ1.0 እስከ 4.5 ነጥብ ይመደባሉ፤ በሜዳ ላይ ያሉት አምስቱ ድምር ከ14 መብለጥ የለበትም። ይህም ጉዳታቸው ከባድ የሆነ ተጫዋቾች ከቡድኑ እንዳይገለሉ ያደርጋል።

10. ውድድር ከማዘጋጀት በፊት

ሀ. የ24 ሰከንድ ሰዓት ወይም ሙሉ የጠረጴዛ ዳኞች የማይገኙ ከሆነ፣ ደንቡ በምን መልክ እንደሚሻሻል ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት በጽሑፍ ተወስኖ ለሁሉም ቡድኖች ይድረስ። በጨዋታው መካከል የሚደረግ ለውጥ ፍትሐዊ አይሆንም።

ለ. ለእያንዳንዱ ጨዋታ የውጤት መዝገብ ይያዝ። ነጥብ፣ የግል ጥፋትና የቡድን ጥፋት ለየብቻ ይመዝገቡ። ቅሬታ ሲቀርብ ማስረጃው ይኸው መዝገብ ነው።

ሐ. ከተቀጠረው ሰዓት 15 ደቂቃ ካለፈ በኋላ 5 ተጫዋቾች ያላቀረበ ቡድን በፎርፌ 20 ለ 0 እንደሚሸነፍ አስቀድሞ ይነገር። ዝናብ መንገድ በሚዘጋበት ወቅት ከሩቅ ለሚመጡ ቡድኖች የተለየ ስምምነት ካስፈለገ ይህም በጽሑፍ ይስፈር።

መ. ዳኞች ከውድድሩ ቀደም ብለው ከአሰልጣኞች ጋር ተገናኝተው የሚጠቀሙባቸውን ቃላትና የእጅ ምልክቶች ያብራሩ። ለተጫዋቾች በካፊኖኖ ወይም በሚገባቸው ሌላ ቋንቋ ማስረዳት የሚበረታታ ነው።

ሠ. የሜዳ፣ የዳኛ ወይም የሥልጠና ድጋፍ የሚፈልግ ቡድን ጥያቄውን በቅድሚያ በወረዳው ወይም በከተማው ስፖርትን ለሚከታተለው ጽሕፈት ቤት ያቅርብ።

11. ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ልጄ አምስት ጥፋት ሠርቶ ወጥቷል፤ በቀጣዩ ጨዋታ መሰለፍ ይችላል? በአምስት የግል ጥፋት መውጣት ለዚያ ጨዋታ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ቅጣት ወደ ቀጣዩ ጨዋታ አይተላለፍም። በሥነ ምግባር ጉድለት የተባረረ ተጫዋች ጉዳይ ግን በውድድሩ መተዳደሪያ ደንብ ይታያል።

ኳሱ ገብቶ ሳለ ዳኛው ነጥቡን ሰረዘው፤ ለምን? ከውርወራው በፊት ጥሰት ወይም የአጥቂ ጥፋት ተፈጽሞ፣ ወይም ኳሱ ከእጅ ሳይለይ ሰዓቱ አልቆ ሊሆን ይችላል።

አንድ ቡድን ከአምስት ባነሱ ተጫዋቾች መቀጠል ይችላል? ለመጀመር 5 ያስፈልጋሉ። ከተጀመረ በኋላ በጉዳት ወይም በጥፋት ቁጥሩ ቢቀንስ ጨዋታው ይቀጥላል፤ በሜዳ ላይ የቀሩት ከ2 ካነሱ ግን ቡድኑ ይሸነፋል።

በዳኛ ውሳኔ የማይስማማ ተመልካች ምን ማድረግ ይችላል? ተመልካች ቅሬታ የማቅረብ ሥልጣን የለውም። ከጠረጴዛ ዳኞችም ሆነ ከሜዳ ዳኞች ጋር የሚነጋገሩት አሰልጣኙና የቡድኑ አምበል ናቸው። ወላጆች ጥያቄያቸውን ከጨዋታው በኋላ በአሰልጣኙ በኩል ቢያቀርቡ ጨዋታው በሰላም ይጠናቀቃል።